የቤታችሁን ዘፈን ማን ያውጣው?

ልጅ አስተኝታችሁ የምታውቁ ሁሉ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እሹሩሩውን ስትጀምሩ ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ የሰማችሁትን ነው የምትሉት። ሦስተኛው ዙር ላይ ስትደርሱ ግን የምታውቁት ግጥም ያልቃል፤ ልጁ አሁንም ዐይኑን እንዳፈጠጠ ነው። ያኔ ምን ታደርጋላችሁ? የልጁን ስም ትከታላችሁ። የጎረቤቱን ውሻ ትጨምራላችሁ። አባቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ እንደቀረ፣ ነገ በጠዋት ሥራ እንዳለባችሁ፣ ወገባችሁ እንደተቆረጠ በዜማ ትናገራላችሁ። የሚሰማችሁ የለም ብላችሁ ስለምታምኑ ቤት ይምታ አይምታ ግድ አይሰጣችሁም። እንግዲህ እሱ ነው። ዘፈን ደርሳችኋል ማለት ነው።

ስለዚህ «እኔ ገጣሚ አይደለሁም» የምትለዋን መልስ ለዚህ ወር አስቀምጡልኝ።

«የሕዝብ ዘፈን» ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን አገር ሙሉ ሰው ተሰብስቦ ያወጣው ነገር ነው። ሕዝብ ግን አንድ ላይ ተቀምጦ ግጥም አይጽፍም። መጀመሪያ ሁልጊዜም አንድ ሰው አለ። ወፍጮ ላይ ጎንበስ ብላ ስትፈጭ ለአማቷ ልትናገር የማትደፍረውን ለድንጋዩ የነገረች ሴት አለች። ጎረቤቷ ሰማች፣ ወደደችው፣ ለራሷ አማት አስተካከለችው። በሦስተኛዋ ሴት አፍ የመጀመሪያዋ ስም ጠፋ፤ ስንኙ ቀረ። ሙሾ የምታወጣዋን አልቃሽ ካስተዋላችሁም እንዲሁ ነው። ለቅሶው ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ትጠይቃለች፤ ማን ነበር፣ ምን ይሠራ ነበር፣ ስንት ልጅ ተወ፣ ማንን ሳያይ ሄደ? መረጃዋን ሰብስባ ነው አፏን የምትከፍተው። የቡሄ ልጆች በር ላይ ቆመው ሆያ ሆዬ ሲሉ የቤቱን ጌታ ልግስና የሚያሞግሱት፣ ሙልሙሉ ሲዘገይ ደግሞ ግጥሙን በነገር የሚያዞሩት በዚሁ ዘዴ ነው። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ «ተቀበል!» ብላችሁ ስንኝ የሰጣችሁ ካላችሁም ሥራውን ታውቁታላችሁ። ግጥሙ የእናንተ ነው፤ አዝማሪው ማሲንቆውንና ድምፁን አዋሳችሁ።

አሁን ይህን ሁሉ በኮንትራት ሰጥተነዋል። ሰርጉን ለዲጄ፣ ልደቱን ለዩቲዩብ፣ ለቅሶውን ለዝምታ። ዲጄዎቹን እየወቀስኩ አይደለም፤ የሚከፈላቸውን ሠርተው ይሄዳሉ። ግን በአንድ ጥር ወር አምስት ሰርግ ሄዳችሁ አምስቱም ላይ ያንኑ ዘፈን በዚያው ቅደም ተከተል ስትሰሙ፣ የማን ልጅ እንደተዳረ በምን ታውቃላችሁ? ግብዣ ወረቀቱን አይታችሁ ካልሆነ።

ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ታናሽ እህቴ ያገባችው በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ነው። እናታችን ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ቀድማ አርፋለች። የሰርግ ዘፈኖቻችንን አንድ በአንድ ብታዩአቸው የእናት ስም የሌለበት ጥቂት ነው። ሙሽራዋ የእናቷ ናት፣ እናት ደስ ይበላት ይባላል፣ እናት ታለቅሳለች። ከሰርጉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ሴቶቹ ለዝግጅት ሲሰበሰቡ አንዷ ዘመድ «የእናት ነገር ያለበትን እንዝለለው» አለች። ለደግ አስባ ነው። አክስታችን ግን ሽንኩርት ከምትልጥበት ቀና ሳትል፣ «ያንን ሁሉ ከዘለላችሁማ ሰርጉ በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ይልቅ የእሷን የራሷን እናውጣላት» አለች።

እናታችን ከሃያ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግራ ለሱቆች ስታስረክብ ነው የኖረችው። የእኔ የቢዝነስ አስተዳደር ዲግሪ ከዚያ ምጣድ ላይ የወጣ ነው፤ የእህቴም ነርስነት እንዲሁ። ስለዚህ ስለ እሷ ግጥም ለማውጣት ቃል ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም፤ ማድቤት ገብተን ዙሪያችንን ማየት በቂ ነበር። ሊጥ፣ አብሲት፣ ማሰሻ፣ አክንባሎ፣ ሰፌድ፣ እርሾ። እርሾው ላይ ቆምን። ጋግራችሁ የምታውቁ እንደምትረዱት፣ የዛሬው ሊጥ ከማለቁ በፊት ለነገው የሚተው ነገር አለ። እሱ ከሌለ ነገ ከባዶ ትጀምራላችሁ። ከዚያች ማታ የመጀመሪያው ስንኝ ይህ ነበር፤

ሊጡ አለቀ ብለው ጎረቤት ሲያወሩ፣
እርሾ ትታ ነበር በቡሃቃው ሥሩ።

እርሾዋ ማን እንደሆነች ነጭ ለብሳ ወንበር ላይ ለምትቀመጠው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁለተኛውን ያመጣችው አክስታችን ናት። የእንጀራም ዐይን አለው፣ የሰውም ዐይን አለው፤ ሰሙም ወርቁም እዚያው ተቀምጧል፤

እንጀራማ ሞልቷል በየሱቁ ታዛ፣
የእማዬን ዐይን ግን ማን አግኝቶ ይግዛ?

ሦስተኛም ስንኝ ነበረን። በዜማም በግጥምም ከሁለቱ የሚበልጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ጢሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪገባ ድረስ በእንጨት ስለጋገረችባቸው ዓመታት፣ ስለ ሳሏ። ከሰርጉ በፊት ለአባታችን እናሰማው ተባለና እሑድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ አሰማነው። አባዬ ስለ እናታችን የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ካረፈች ወዲህ ስሟን ሲጠራ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ጭንቅላቱን ደፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ፣ «ሁለቱን ዝፈኑት። ሦስተኛውን ተዉልኝ፤ እሱ የእኔ ነው» አለ።

ተውነው። እዚህም አልጽፈውም።

ይህን የነገርኳችሁ ከራስ ሕይወት ዘፈን ለማውጣት የምትነሱ ሁሉ ከቤት መምታቱ በፊት ይህ ስለሚገጥማችሁ ነው። ሕይወታችሁ የእናንተ ብቻ አይደለም። የባላችሁ ከሥራ መቀነስ፣ የእህታችሁ ፍቺ፣ የወንድማችሁ ሱስ፣ የአያታችሁ መርሳት ሁሉም ግሩም ስንኝ ይወጣዋል፤ ሁሉም ባለቤት አለው። የእኔ ልማድ ቀላል ነው። ስንኙ ውስጥ ያለው ሰው በሕይወት ካለ ከሌላው ሁሉ በፊት እሱ ይስማው። ፊቱን አይቼ አውቃለሁ። «ተዉልኝ» ካለ ምክንያቱን አልጠይቅም።

ሰምና ወርቅም ለዚሁ ነው የተፈጠረው ብዬ አስባለሁ። ትምህርት ቤት የተማርነው ፈተና እስኪመስል ድረስ ነበርና ብዙዎቻችን ቅኔ ሲባል እንሸሻለን። ቤት ውስጥ ግን ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በግልጽ ቢነገር ጠብ የሚሆነውን ነገር ማዕድ ላይ ለማቅረብ ያስችላል። ባለፈው ዓመት የሩብ ዓመት ዕቅድ ሰሞን እኔ ሳመሽ፣ ስደውልም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ስል ሰነበትኩ። አንድ ማታ በር ከፍቼ ስገባ ባለቤቴ የሦስት ዓመት ልጃችንን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በቡሄ ዜማ ይህን ያስጨበጭባል፤

እሷ ስብሰባ ናት፤ እኛ ራት ቀርቦልን፣
እኔ፣ ልጄ፣ ሽሮው፣ ተሰብስበን አለን።

ሳቅኩኝ። ሰሙ አሳቀኝ፤ ወርቁንም ሰምቻለሁ። በአፍ ቢነግረኝ ኖሮ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያከራክረን ነገር ነበር። ልጃችን አሁን ስልኬ በጠራ ቁጥር «ሽሮው!» ይላል።

ወደ አሠራሩ እንግባ። ያስተዋላችሁ እንደሆነ ከላይ ያሉት ስንኞች ሁሉ አንድ ዓይነት አካሄድ አላቸው። ወል ቤት የሚባለው ነው፤ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ግማሽ ስድስት ቀለም አለው፣ መሀል ላይ ትንሽ ትንፋሽ አለ። አብዛኛው የምናውቀው የአማርኛ ዘፈን በዚህ ስለሚሄድ ጆሯችሁ ቀድሞ ያውቀዋል። የሚቆጠረው ግን ፊደሉ አይደለም፤ ከአፍ የሚወጣው ድምፅ ነው። «ሊጡ አለቀ ብለው» በወረቀት ላይ ስምንት ፊደል ነው፤ ሲዜም ግን «ሊጣለቀ ብለው» ይሆንና ስድስት ይመጣል። ስለዚህ ወረቀት ላይ አትቁጠሩ። ጠረጴዛ እየመታችሁ በሉት፤ የጎደለ ወይም የተረፈ ቀለም ካለ እጃችሁ ይነግራችኋል። አምስት አምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን ደግሞ አጠር ፈጠን ይላል፤ ለልጆች ዘፈንና ለቀልድ ይመቻል።

ቤት መምታቱ ከሁሉ ቀላሉ ነው፤ አማርኛ በዚህ ለጋስ ነው። ግሦቻችን መጨረሻቸው ስለሚመሳሰል «ሄደ» እና «ወሰደ»ን ማገናኘት ልጅም ይችላል። ችግሩም እዚያው ነው። መስመሩን ሁሉ በግሥ የምትዘጉ ከሆነ ዘፈኑ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። ቢያንስ አንዱን መስመር በዕቃ ዝጉት። ታዛ፣ በር፣ ድስት፣ ቁልፍ። ዕቃው ታሪክ ይዞ ይመጣል።

ስለ ዕቃ ካነሳሁ፣ የቀን ሥራዬን ትንሽ ልጥቀስ። ማርኬቲንግ ላይ ነው የምሠራው፤ የሠላሳ ሰከንድ ማስታወቂያ ዜማ ሲጻፍ ስንት ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ እንደሚከራከር አይቻለሁ። እዚያ የምንለፋው ማንንም የማያስቀር ቃል ለማግኘት ነው። «ደስታ»፣ «ቤተሰብ»፣ «አብሮነት»። የተነገረው ለሁሉም ስለሆነ ማንም የእኔ ነው አይለውም። የቤት ዘፈን ተቃራኒውን ነው የሚፈልገው። «ናፍቆት» የሚለውን ቃል ሳትጠሩ ናፍቆትን ዝፈኑ፤ «የእናት ፍቅር» ሳትሉ የማሰሻዋን ጨርቅ ዘፈን ውስጥ አስገቧት። የማያውቃችሁ ሰው እንኳ የራሱን እናት ጨርቅ ያስታውሳል።

ለዚህ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ የአጎቴ ልጅ ናት። ኩዌት ሰው ቤት ከገባች አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጇን ያስቀመጠችው ስምንት ወር ሲሆነው ነው፤ ያሳደጉት አያቱ ናቸው። የአሠሪዎቿን ልጆች ካስተኛች በኋላ በስልክ የራሷን ልጅ ታስተኛ ነበር። ግጥሙን እዚህ እንዳወጣው ፈቅዳልኛለች፤

እሹሩሩ ልጄ፣ በስልኬ ላይ ተኛ፣
ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ እኔ ነኝ ጓደኛ።

«ለምን ጓደኛ አልሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እማዬ የሚለው አያቱን ነዋ» አለችኝ። ይህን የሚያህል ነገር የያዘ አንድ ቃል በእኔ ሙያ ሙሉ ዘመቻ ቢከፈልበትም አይገኝም።

ዜማውስ? አዲስ ዜማ ለመፍጠር አትጨነቁ። የቆየው ልማድ የሚታወቅ ዜማ ወስዶ በራስ ግጥም መሙላት ነው፤ ባለቤቴ የቡሄውን የወሰደው ዝም ብሎ አይደለም። ማንም ሰው ሳይጠና ይቀበለዋል። አውጪና ተቀባይ መኖሩም የኛን ዘፈን ለቤተሰብ የሠራው ይመስለኛል። አውጪው ብቻ ነው ግጥሙን ማወቅ ያለበት፤ ሌላው አንድ አጭር መቀበያ ይዞ ያጨበጭባል። የአራት ዓመት ልጅም የሰማንያ ዓመት አያትም እኩል ይገባሉ። መቀበያችሁን ከሦስት ከአራት ቃል አታስበልጡት።

የራሴን ዜማ ካልሞከርኩ የምትሉ ደግሞ ከቅኝቶቹ ጀምሩ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የሚሄዱ ናቸው፤ አምስት ድምፅ ደግሞ ለጀማሪ ብዙ የመሳሳቻ መንገድ አይተውለትም። የልጆች መጫወቻ ኪቦርድ ቤታችሁ ካለ ቀላል ዘዴ አለ። ነጮቹን ትታችሁ ጥቁሮቹን ብቻ ንኩ። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች የመጀመሪያውን መነሻና መመለሻ አድርጉት። ያ የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፅ ነው፤ በነጭ ቁልፍ ከዶ ብትነሱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሆነው ማለት ነው። ጣታችሁ የትም ቢያርፍ አገርኛ ይሸታል። ከዚያ ግጥማችሁን እየተናገራችሁ ጣታችሁን አንቀሳቅሱ፤ ድምፁ ቃሉን ይከተል። አንቺ ሆዬን ግን ለኋላ ተዉት፤ ጆሮ ያላቸውም ይቸገሩበታል።

«ድምፄ ጥሩ አይደለም» የሚለው ሰበብም አለ። የአስናቀች ወርቁን የክራር ጨዋታዎች ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው። ድምፅ ለማሳየት የሚጮህ ነገር የለም፤ አጠገባችሁ ተቀምጣ የምታጫውታችሁ ነው የሚመስላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ቅዱት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን አብዛኞቻችን የምናውቃቸው በፒያኖ ነው። እሳቸው ግን በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ቤታቸው ውስጥ ፒያኖ እየነኩ በራሳቸው ድምፅ ያዜሟቸውን መዝሙሮች በካሴት ቀድተው አስቀምጠው ነበር። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በዘጠና ዘጠኝ ዓመታቸው ካረፉ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. አልበም ሆነው ወጡ። ስቱዲዮ አልነበረም፤ ቤት ነው። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ ከዚያ የካሴት ማጫወቻ የተሻለ መቅጃ አለ። ፎቶ ስናነሳ እንውላለን፤ የአያቶቻችንን ድምፅ የያዝን ግን ስንቶቻችን ነን?

ስትቀዱ ቤቱን ጸጥ ለማሰኘት አትድከሙ። የሙቀጫው ድምፅ ይግባ፣ ልጁ ያቋርጥ፣ አክስት «ቆይ እንደገና» ትበል። ቲክቶክ ላይ ለመጫን አትቸኩሉ፤ ይህ በእኔ እምነት የቤት ነው፣ ሰርግ ላይ የተዘፈነ ካልሆነ በቀር። አንድ ነገር ግን ሳትዘነጉ አድርጉ። በስልካችሁ ላይ ፋይሉ በቁጥር ብቻ ተሰይሞ እንዳይቀር፤ ማን እንዳወጣው፣ መቼ፣ የት እንደሆነ ጻፉበት። በአሥር ዓመቱ የማን ድምፅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ላይኖር ይችላል።

የኛው ቅጂ አራት ደቂቃ ከምናምን ነው። እህቴ ስልክ ላይ ስሙ እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ «የእርሾ ዘፈን። ጥር 2017፣ ድንኳን ውስጥ። ያወጣችው አክስቴ፣ ግጥሙ የአክስቴና የእህቴ፣ ተቀባይ ሁሉም ሰው። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ጉሮሮውን የሚጠርገው አባዬ ነው።»